ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት ቋንቋ፦ ለድርጅታችሁ ሲስተም የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንዴት ይመረጣል?

ሲስተም ለማሠራት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባችኋል እንበል። አንዱ «በላራቬል እንሠራለን» ይላል፤ ሁለተኛው «በጃቫ ስፕሪንግ ቡት»፤ ሦስተኛው «በኖድና በሪአክት»። (ላራቬል በፒኤችፒ ቋንቋ፣ ስፕሪንግ ቡት በጃቫ፣ ኖድና ሪአክት ደግሞ በጃቫስክሪፕት ለመሥራት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ናቸው።) ዋጋቸውም የጊዜ ገደባቸውም ይለያያል፤ ሦስቱም ግን «ዘመናዊ፣ ፈጣን፣ አስተማማኝ» የሚለውን ደርድረዋል። የግዥ ክፍሉ ዝቅተኛውን ዋጋ ይመርጣል፤ ካልሆነም ባለቤቱ የሚያምኑት አንድ ዘመድ «ጃቫ ይሻላል» ስላላቸው ጃቫ ይሆናል። ድርጅቱ ለዓመታት አብሮት የሚኖረው ነገር በዚህ መልኩ ሲወሰን ማየት ያመኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሥራዬ ሲስተም መሥራትና ሌላው የሠራውን መመርመር ነው። ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ደንበኞቼ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ያሉ ክሊኒኮች፣ አስመጪዎች፣ ማተሚያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሲመጡ የሚጠይቁኝ «ጥሩው ቋንቋ የቱ ነው?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «የሚሠራላችሁ ልጅ ቢሄድ ማን ይቀጥለዋል?» እላለሁ። የቋንቋ ምርጫ የድርጅቱን ትርፍና ኪሳራ የሚነካው ከሁሉ በላይ በዚህ በኩል ነው።

ቋንቋ ድርጅት ያሳድጋል? ይጥላል?

ዋትስአፕን ውሰዱ። ሰርቨሩ የተጻፈው በኤርላንግ ነው። ኤርላንግን የስዊድኑ ኤሪክሰን በ1980ዎቹ ለስልክ ማዞሪያዎቹ ብሎ የፈጠረው ሲሆን፣ እስከ ዛሬም የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ተጠቃሚው 450 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር፤ ኢንጂነሮቹ ግን 32 ነበሩ። ቋንቋው ለሥራው ተመችቶት ነበር፦ እጅግ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ ይቆያል፤ የአንዱ ግንኙነት ቢሰናከል ሌላውን ሳይነካ ለብቻው ይነሣል።

ኤሊክሲር የሚባለው ቋንቋ የሚሠራው በዚያው በኤርላንግ ሞተር ላይ ነው። እዚሁ መሀል ከተማ ያለ አንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ሲስተሙን በኤሊክሲር አሠራ። ኮዱን አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ያኮራል። የጻፈው ልጅ ካናዳ ሄደ። ድርጅቱ በቴሌግራም የሥራ ቻናሎች ማስታወቂያ ደጋግሞ ቢያወጣም ሲቪ የሚልኩት የፒኤችፒና የጃቫስክሪፕት ልጆች ነበሩ። የማድረሻ ዋጋ በኪሎ ሜትር የሚሰላባትን አንዲት ቀመር ለማስተካከል ልጁ እዚያ ከሥራ እስኪወጣ፣ ማለትም እዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስኪሆን፣ መጠበቅ ነበረባቸው። ልጁ ቅን ነው፤ በቻለው ሁሉ ረድቷቸዋል። ነገር ግን ነዳጅ ሲጨምር ተወዳዳሪዎቻቸው ወዲያው ዋጋ ሲከልሱ እነሱ ለሳምንታት በአሮጌው ዋጋ ሲያደርሱ ቆዩ። ያ ሁሉ ከኪሳቸው የወጣ ነው።

ሁለቱም ሞተራቸው አንድ ነው። ዋትስአፕ ኤርላንግን አገላብጠው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩት፤ ቆዩለትም። ይኼኛው አንድ ሰው ነበረው፤ ሄደበት።

ፌስቡክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 በፒኤችፒ ነው የተጀመረው። ሲያድግ ፒኤችፒው ከበደው፤ ያም ሆኖ ኮዱን አልጣለውም። ኮዱን በፍጥነት የሚያስኬድ የራሱን ሞተር ሠራ፤ በ2014 ደግሞ ከፒኤችፒ የወጣ ሃክ የሚባል ቋንቋ አወጣ። ትዊተር በሩቢ ጀምሮ ሕዝብ ሲጎርፍበት በየጊዜው ይወድቅ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ስካላና ወደ ጃቫ ዞረ። ሁለቱንም ቋንቋው ያስጨነቃቸው ደንበኛ ካገኙ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። እኛም ዘንድ ራይድ ስማርትፎን የሌለው ሰው 8294 ደውሎ ታክሲ እንዲያዝ አድርጓል፤ በእኔ እይታ ለዚህ ከተማ ያ ውሳኔ ከማንኛውም የቋንቋ ምርጫ ይበልጣል።

ቋንቋው በግልጽ የጠቀመበት ቦታም አለ። ቪያዌብ የሚባል የኢንተርኔት ሱቅ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 በሊስፕ ተጀምሮ በ1998 ያሁ ገዛው። መሥራቾቹ ኮዱን የሚጽፉት ራሳቸው ነበሩ፤ በሊስፕ እጃቸው ስለፈታ ከተወዳዳሪ ቀድመው አዲስ ነገር ያወጡ ነበር። ያሁ በኋላ ሲስተሙን በሲ ፕላስ ፕላስና በፐርል አስጽፎታል። ስለዚህ የድርጅቱ ባለቤት ራሳችሁ ኮድ የምትጽፉ ከሆነ፣ ሌላውም አብሯችሁ የሚቆይ ከሆነ፣ እጃችሁ በለመደው ቋንቋ ጻፉ፤ ማንንም አትስሙ። ከዚህ በታች ያለው ለሌሎቻችሁ ነው።

መጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያ አውጡ

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት በፕሮፎርማዎቹ ላይ ለተጠቀሰው ለእያንዳንዱ ቋንቋ የትርፍ ሰዓት ባለሙያ ፈልጉ። ማስታወቂያው የውሸት እንዳይሆን፤ የሚሠራላችሁን ሥራ ከውጭ ሆኖ የሚገመግም ሰው በእርግጥ ያስፈልጋችኋል፣ በኋላም ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሲቪዎቹ ሲመጡ ብዛታቸውን ብቻ አትዩ። «በዚህ ቋንቋ የሠራኸው፣ ዛሬም ሰው እየተጠቀመበት ያለ ሲስተም የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮርስ የጨረሰና ሲስተም ሲወድቅ እሑድ ጠዋት ተነሥቶ ያስነሣ ሰው ይለያያሉ።

እኔ በመሀል አዲስ አበባ የማየውን ልንገራችሁ። ፒኤችፒ፣ በተለይ ላራቬል፣ እንዲሁም ጃቫስክሪፕት የሚሠራ ሰው ማግኘት ቀላል ነው። ለሞባይል አፕ ፍላተር የሚሞክር ወጣት ሞልቷል። ጃቫ በደንብ የሚያውቀውን ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ይወስዱታል፤ የፋይዳ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕ የሚባለው ሲስተምም በአብዛኛው በጃቫ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ጃቫ ስትመርጡ በደመወዝ ከባንክ ጋር እንደምትሻሙ እወቁት። ፓይተን የተማረ ብዙ ነው፤ የድርጅት ሲስተም በፓይተን ለዓመታት ያስተዳደረ ግን ያንሳል። ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ብዙ ጀማሪ እያፈራ ነው፤ ደስ ይለኛል፣ ጀማሪ ግን አጠገቡ የሚያሠራው ሰው ይፈልጋል።

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ጎበዝ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ በዶላር ለሚከፍል የውጭ ድርጅት መሥራት ይችላል። መብቱ ነው፤ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ እንደሚሄድ አውቃችሁ ማቀድ ነው። ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 በኮሮና ምክንያት የሥራ አጥ ክፍያ ጠያቂ ሲበዛ፣ የአሜሪካዋ ኒው ጀርዚ ገዥ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲመጡላቸው በአደባባይ ጠይቀዋል። ኮቦል የተፈጠረው በ1959 ነው። ሲስተሙ እየሠራ ነበር፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን ጡረታ ወጥተዋል።

ሲስተሙ ከምን ጋር ይገናኛል?

ይኼ አጭር ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ብቻውን ይወስናል። ከቴሌብር ጋር የሚገናኝ ከሆነ የመገናኛ ሰነዱን አስቀድማችሁ ተቀበሉና ምሳሌዎቹ በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደተጻፉ አሳዩኝ በሉ፤ የክፍያ ጥያቄ በቁልፍ ስለሚፈረም የሌላ ቋንቋ ሰው ፊርማው ትክክል እስኪመጣለት ብዙ ቀን ይፈጅበታል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ካላችሁ ማሽኑን የሸጠላችሁን ድርጅት «ከሲስተም ጋር የሚያገናኘው ፋይል ለዊንዶስ ብቻ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አዎ» ካለ ሲ ሻርፕ የሚባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋ ያላሰባችሁት ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ኦዱ ወይም ኢአርፒኔክስት በሚባሉት የተዘጋጁ የድርጅት ማስተዳደሪያ ሲስተሞች ላይ የምትጨምሩ ከሆነ ሁለቱም በፓይተን ስለቆሙ ክርክሩ አለቀ።

አማርኛው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ብሩ

ገንዘባችሁ የሚባክነው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ታገሡኝ።

ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀምጬ የሲስተሙን አጠቃቀም ስከታተል አንዲት እናት መጡ። ስማቸው ፀሐይ ነው። ካርድ የምታወጣው ልጅ «ጸሀይ» ብላ ጻፈች፤ ሲስተሙ «አልተገኘም» አለ።

«እማማ፣ እኛ ጋ ታክመው አያውቁም።»

«ኧረ ልጄ! በጾሙ መግቢያ እዚሁ አይደል እንዴ የተኛሁት?»

አዲስ ካርድ ወጣላቸው። የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒትና የማይስማማቸው መርፌ የተጻፈው በአሮጌው ካርድ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ፊት የተከፈተው ግን ባዶ ገጽ ነው። ይህ ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር ነው። ሲስተሙ በጃቫ፣ በውድ ዋጋ የተሠራ ነበር።

መፍትሔው ከቋንቋ ጋር አይገናኝም። ስሙ ሰውየው እንደሚጽፈው ይቀመጥ። አጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይኑር፤ እዚያ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነሙሉ እርባታቸው ተለውጠው ይግቡ። የተፈለገው ስም በዚያው መንገድ ተለውጦ በዚያ ዓምድ ይፈለግ። በማንኛውም ቋንቋ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ ስለገባ ዛሬ አማርኛ መጻፍ የማይችል ቋንቋ የለም፤ መጠየቅ ያለባችሁ ሠሪው ይህን ያስባል ወይ ብላችሁ ነው። የስም ቅጹንም እዩት፦ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው የሚባለው፤ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ካያችሁ ከሌላ አገር የተገለበጠ ነው።

ቀን ላይ የቋንቋ ልዩነት ትንሽ ይታያል። ጃቫ ከራሱ ጋር የጃፓንንና የታይላንድን አቆጣጠር ይዞ ይመጣል፤ የእኛን አይዝም፤ ስሪቴን ኤክስትራ (ThreeTen-Extra) የሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ግን አለው። በጃቫስክሪፕት አሳሹ (ብራውዘሩ) ራሱ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል። የፓይተን መደበኛ የቀን ክፍል የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፤ ሌላው በተጨማሪ ጥቅል ይሞላል። በየትኛውም ብትሠሩ ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው በፈረንጁ ይሁን፤ ወደ እኛ የሚለወጠው ለሰው ሲታይ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ያስቀመጠ ሲስተም አስተካክሉ ተብለን ስንጠራ ያየነውን መከራ ለማንም አልመኝም።

ከዚያ ሪፖርት አስወጡት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወራቱ 13 ናቸው፤ ደመወዝ ግን 12 ጊዜ ነው። «በጳጉሜን የተሸጠው የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠፍቶ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቀጠሮ በኤስኤምኤስ የሚልክ ከሆነ ደግሞ ለታካሚው «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ነው መላክ ያለበት፤ «9:00» ብሎ ከላከ ከሰዓት የሚመጣ ሰው ይኖራል። አንድ የአማርኛ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ በላቲን ሲሆን 160፤ ከ70 ካለፈ የሁለት መልእክት ሒሳብ ነው የምትከፍሉት።

ብሩ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ጃቫስክሪፕትም ፓይተንም በተለመደው አሠራር 0.1 እና 0.2 ሲደምሩ 0.30000000000000004 ይላሉ፤ ጃቫና ሌሎቹም ያንኑ ዓይነት ቁጥር ከተጠቀሙ እንዲሁ ናቸው። 15 በመቶ ቫት በየመስመሩ ሲሰላ ይህች ቅንጣት ተጠራቅማ የደረሰኙ ድምርና የመዝገቡ ድምር በሳንቲም ይለያያሉ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወሩ በተዘጋ ቁጥር ስትፈልጋት ታመሻለች። ገንዘብ በሳንቲም ሙሉ ቁጥር ይቀመጥ፤ ካልሆነም ቋንቋው ለአስርዮሽ ባዘጋጀው ትክክለኛ ዓይነት።

ስለ ፍጥነትና ስለ ዶላር

«ፒኤችፒ ቀርፋፋ ነው» የሚላችሁን ሰው በቀን ስንት ደረሰኝ እንደምትቆርጡ ንገሩት። ለአንድ ክሊኒክ ወይም ለአንድ አስመጪ የትኛውም ቋንቋ ይበቃል። ሲስተማችሁ ሲንቀራፈፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ዳታቤዙ ላይ ነው፦ በስልክ ቁጥር የሚፈለግ ሠንጠረዥ ለስልክ ቁጥሩ ማውጫ ሳይሠራለት ቀርቶ ሁሉን ከላይ እስከ ታች ያነባል። የመልእክት መለዋወጫው ዲስኮርድ ከ«ጎ» ቋንቋ ወደ «ረስት» እንደቀየረ እ.ኤ.አ. በ2020 የገለጸው አንድ አገልግሎቱን ነው፤ ምክንያቱም በየሁለት ደቂቃው የሜሞሪ ጽዳት ሲያደርግ ትንሽ ይቆም ስለነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለሚያስተናግድ ይህ ያሳስባል፤ ለእኛ አያሳስብም።

እኛን የሚያሳስበን ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የውጭ ሰርቨር የሚከራይ ሁሉ ወጪው በዚያው ልክ ወጣ። በስፕሪንግ ቡት የተሠራ ትንሽ ሲስተም ሥራ ፈትቶም ቢሆን መቶዎች ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዛል፤ በ«ጎ» ቋንቋ የተጻፈ ተመሳሳይ ሥራ በጥቂት አሥር ሜጋባይት ይሄዳል። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ «ምን ያህል ሰርቨር ይፈልጋል? በወር ስንት ዶላር?» የሚል መስመር አስጨምሩ፤ የዊንዶስ ሰርቨርና የዳታቤዝ ፈቃድ ክፍያ ካለም በግልጽ ይጻፍ።

ያላችሁን አትጣሉ

ሲስተም ኖሯችሁ አዲስ የመጣው ልጅ «ይህ አሮጌ ነው፣ ከዜሮ እንጻፈው» ካለ ረጋ በሉ። ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1998 አሳሹን ከመሠረቱ እንደገና ለመጻፍ ወሰነ፤ ቁጥር 6 ብሎ ያወጣው በ2000 መጨረሻ ነው። በዚያ መሀል ገበያውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ወሰደው። አሮጌው ኮድ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ አስቀያሚ መስመር ምናልባት አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ካማረረ በኋላ የገባች ናት። እዚያው እያለ ቁራጭ ቁራጩን ተኩ፦ ዘንድሮ የመጋዘኑን፣ ከርሞ የሽያጩን። አዲሱ ቁራጭ በሌላ ቋንቋ ቢሆን ችግር የለውም፤ ሦስተኛና አራተኛ ቋንቋ ሲጨመር ግን እምቢ በሉ።

የሁለተኛው ሰው ፈተና

ምርጫው ወደ ሁለት ሲጠብ ለሁለቱም ትንሽ ከፍላችሁ አንድ ዓይነት ቁራጭ ሥራ ስጡ። ለምሳሌ፦ ስም በአማርኛ ይመዝገብና በሌላ ፊደል ሲጻፍም ይገኝ፤ 15 በመቶ ቫት ያለበት ደረሰኝ በኢትዮጵያ ቀን ይውጣ፤ ክፍያ በቴሌብር ይምጣ፤ ክፍያው መሀል ላይ ሆኖ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ደንበኛው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ይሁን። ያን የመጨረሻውን አጠገባቸው ቆማችሁ የኔትወርክ ገመዱን ነቅላችሁ ሞክሩት።

ከዚያ ቀደም ብዬ ያነሣሁትን የትርፍ ሰዓት ባለሙያ ጥሩ። የተሠራውን ኮድ ስጡትና አንድ ለውጥ እንዲያደርግ ጠይቁ፦ ለምሳሌ ደረሰኙ ላይ የቅናሽ መስመር እንዲጨምር። ሠሪዎቹ አጠገቡ አይሁኑ። በአንድ ቀን ጨርሶ ከሰጣችሁ ያ ቋንቋ፣ በእነዚያ ሰዎች እጅ፣ ለእናንተ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን «ራሳቸውን ካልጠየቅኩ አይገባኝም» ካለ ዝቅተኛው ዋጋ እንኳ አያጓጓችሁ። አንድ አስመጪ ይህን ስነግራቸው «እህቴ፣ ይኼ ሁሉ ወጪ ለምን?» ብለውኝ ነበር። ሞከሩት፤ ሊፈርሙለት ተዘጋጅተው የነበረውን ትተው ሌላውን ፈረሙ።

ውሉ ላይ እነዚህን አስገቡ። ኮዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በድርጅቱ ስም በተከፈተ የጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) አካውንት ላይ ይቀመጥ፤ በሠራተኛው የግል አካውንት አይሁን። የዌብሳይቱ ስም፣ የሰርቨሩ የይለፍ ቃል፣ የቴሌብር ቁልፎች በድርጅቱ ኢሜይል ይያዙ። አፕ ካላችሁ የጉግል ፕሌይ አካውንት 25 ዶላር አንድ ጊዜ፣ የአፕል ደግሞ በዓመት 99 ዶላር ነው፤ በራሳችሁ ስም ክፈቱት፣ ሠሪው በእሱ አካውንት «በነጻ ላውጣላችሁ» ቢላችሁም አመስግናችሁ እምቢ በሉ። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ያ ሁለተኛው ሰው ሲስተሙን በራሱ ላፕቶፕ ላይ ከዜሮ አስነሥቶ፣ አንድ ደረሰኝ ቆርጦ እስኪያሳያችሁ ድረስ አትልቀቁ።